«ቴክ»፤ ትርጉሙ፣ ትውልዱና ባልንጀሮቹ



ከእንግሊዝኛ ግሦች ሁሉ እጅግ የለመድነው፣ ግን እጅግ የሚያታልለን የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ እኔ ያለ ማመንታት «ቴክ» የሚለውን እጠራለሁ። ይህን ግሥ ሁላችንም በልጅነታችን ተምረነዋል። መምህራችን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፉልን፤ ባጠገቡም «ወሰደ» ብለው ተረጐሙልን፤ እኛም ድምፃችንን ከፍ አድርገን ደገምነው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ያለቀ መሰለን። እነሆ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ስንከታተል፣ ያ የልጅነት ወዳጃችን በየገጹ ሌላ ልብስ እየለበሰ ብቅ ይልና ያሳፍረናል። እኔን እንዴት እንዳሳፈረኝ አስቀድሜ ልናገርና ከዚያ ወደ ትምህርቱ እገባለሁ።

የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። ከገጠር ትምህርት ቤት የመጣሁ በመሆኔ፣ በክፍል ውስጥ እጄን ለማንሣት ሁለት ወር ያህል ስፈራ ቈየሁ። አንድ ቀን ግን ልቤን አጠንክሬ ተነሣሁና፣ መምህሩ ስለ ገጠር ገበያ ከተናገሩት አንዱን የሚቃወም አሳብ በተሰባበረ እንግሊዝኛ አቀረብሁ። መምህሩ ጥቂት አሰብ አደረጉና «አይ ቴክ ዩር ፖይንት» ብለው ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። «ፖይንት» ማለት ነጥብ ነው፤ «ቴክ» ማለት ወሰደ ነው፤ እንግዲህ መምህሩ «ነጥብህን እወስድብሃለሁ» አሉኝ ማለት ነው! ደፈረኝ ብለው ቀጡኝ ብዬ ኩምሽሽ ብዬ ተቀመጥሁ። ማታ በመኝታ ቤት ለጓደኛዬ ባጫውተው «ምነው አርፈህ ብትቀመጥ ኖሮ!» አለኝ። እኔም ምክሩን ተቀብዬ እስከ ወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ አፌን ሳልከፍት ቀረሁ።

እውነቱን ያወቅሁት በሁለተኛው ዓመት፣ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ ነው። «አይ ቴክ ዩር ፖይንት» ማለት «ያልኸው ገብቶኛል፤ ቁም ነገር አለበት» ማለት ኖሯል። ብዙ ጊዜ ከበስተኋላው «ይሁን እንጂ» የሚል ይከተለዋል፤ ቢሆንም አነጋገሩ የአክብሮት ነው። መምህሩ በተማሪው ሁሉ ፊት አክብረውኝ ሳለ እኔ እንደ ተቀጣ ሰው አንገቴን ደፍቼ ከረምሁ። በዚያ ትምህርት ያጣሁት ነጥብ ለክፍል ተሳትፎ ከተመደበው ላይ ነበር። ማንም አልወሰደብኝም፤ ዝም በማለቴ ራሴ አስቀረሁት።

ይህን የጻፍሁት ለመሳቅ ብቻ አይደለም። በየክፍሉ ከኋላ ወንበር ዝም ብለው ከሚቀመጡት ጓደኞቻችን መካከል፣ አሳብ ያጡ ሳይሆኑ አንዲት ቃል ያስደነገጠቻቸው ይኖራሉ ብዬ ስለማምን ነው።

ሀ. ቃልና ባልንጀራው

ከዚህ ነገር የተማርሁት አንድ ትምህርት አለ፤ ይኸውም ግሥ ትርጉሙን ሁሉ ብቻውን ተሸክሞ አይዞርም፤ የትርጉሙን እኩሌታ ከአጠገቡ የሚቆመው ቃል ይሰጠዋል የሚል ነው። ሰውን በጓደኛው እንደምናውቀው፣ ግሥንም በባልንጀራው እናውቀዋለን።

ይህ ጠባይ የእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም። አንድ የውጭ አገር ሰው አማርኛ ሊማር መጥቶ «ያዘ ማለት በእጅ ጨበጠ ማለት ነው» ብሎ ቢያጠና ምን እንደሚገጥመው አስቡ። «ሳቅ ያዘኝ» ሲሉት ሳቅ እጅ አለው ወይ ይላል። «ሥራ ያዘ»፣ «ቂም ያዘ»፣ «ዛፉ ፍሬ ያዘ»፣ «ወገቤን ያዘኝ» ሲሉት ደግሞ ግራ ይገባዋል። «ወሰደ» የሚለውማ ከዚህ ይብሳል። «እንቅልፍ ወሰደው» ሲባል «ወዴት ወሰደው?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። «ሰውየውን ወሰድ መለስ ያደርገዋል» ሲባል መንገደኛ ነው ብሎ ቢያስብ እንጂ፣ አእምሮው ጤነኛ አይደለም ማለት መሆኑን ከየት ያውቃል? እኛ ይህን ሁሉ ከእናታችን ጡት ጋር ስለ ጠባነው ከባድ መሆኑ አይታወቀንም። እንግሊዞችም በ«ቴክ» ዘንድ እንደዚሁ ናቸው።

ለ. የግሡ ትውልድ

የሚያስገርመው ነገር፣ ለእንግሊዝኛ እንደ ጨው የሆነው ይህ ግሥ በትውልዱ የእንግሊዝ አገር ተወላጅ አለመሆኑ ነው። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የጥንት እንግሊዞች መውሰድን የሚጠሩት «ኒማን» በሚል ግሥ ነበር። የዚህ ቃል ወንድሞች እስከ ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ጀርመኖችም ሆላንዶችም «ኔመን» ይላሉ። በ793 ዓ.ም. ከሰሜን ባሕር ማዶ የመጡት ቫይኪንጎች በሊንዲስፋርን ደሴት የነበረውን ገዳም ዘረፉ። በ865 ደግሞ ታላቅ ጦር ይዘው ወረዱና የአገሪቱን ሰሜንና ምሥራቅ ያዙ። ንጉሥ አልፍሬድ በ878 በኤዲንግተን ጦርነት ድል ቢያደርጋቸውም ከአገር አልወጡም፤ በሰሜንና በምሥራቅ ባለው ግዛት በራሳቸው ሕግ እየተዳደሩ ተቀመጡ። በ1016 ዓ.ም.ማ ዴንማርካዊው ክኑት የእንግሊዝን ዙፋን ወረሰ።

ጦረኛው ውሎ አድሮ ገበሬ ሆነ፤ ጎረቤት ሆነ፤ አማች ሆነ። የሁለቱም ወገኖች ቋንቋ ከአንድ ግንድ የበቀለ ስለ ነበረ፣ ጥቂት ቢቸገሩም ይግባቡ ነበር። የሰሜኖቹ ሰዎች ለመውሰድ «ታካ» ይሉ ነበርና፣ ይህ ቃል በ11ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ መታየት ጀመረ። ከዚያም በተከታዮቹ ክፍለ ዘመናት እየበረታ ሄዶ «ኒማን»ን ከቤቱ አስወጣው። ከዚሁ ወገን ከመጡት ቃላት መካከል ሰማይ የሚባለው «ስካይ»፣ ቢላዋ የሚባለው «ናይፍ»፣ ሕግ የሚባለው «ሎው»፣ ባል የሚባለው «ሃዝባንድ» ይገኛሉ። መስኮት የሚባለው «ዊንዶው»ም በመጀመሪያ ቋንቋው «የነፋስ ዓይን» ማለት ነበር። «እነርሱ» የሚለው «ዜይ» እንኳ ከዚያው የመጣ ነው። ከሩቅ ነጋዴ የዕቃ ስም መዋስ የተለመደ ነው፤ «እነርሱ»ንና «ወሰደ»ን ግን ሰው የሚዋሰው በአንድ ቤት አብሮት ከሚኖር፣ ከአንድ ማዕድ አብሮት ከሚበላ ሰው ነው።

እንዲህ ያለው ለውጥ በአንድ ቀን አልተፈጸመም። በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያው አታሚ ዊልያም ካክስተን በ1490 ባሳተመው መጽሐፍ መቅድም ላይ አንድ ታሪክ ያወሳል። ነጋዴዎች በመርከብ ሲሄዱ ነፋስ አጡና ወደ ባሕሩ ዳር ወጡ። ከእነርሱም አንዱ ወደ አንዲት ሴት ቤት ገብቶ ዕንቍላል ሲጠይቅ፣ ከሰሜን በመጣው ቃል «ኤግስ» አለ። ሴትዮዋ ፈረንሳይኛ አላውቅም ብላ መለሰችለት። እርሱም ፈረንሳይኛ አያውቅም ነበርና ተቈጣ። በኋላ ሌላው ሰው በጥንቱ ቃል «አይረን» ብሎ ቢነግራት ያን ጊዜ ገባት። እነሆ፣ እንግሊዞች ራሳቸው በገዛ አገራቸው ስለ አንድ ዕንቍላል መግባባት አቅቷቸው ነበር! እንግዲህ እኛ ብንሳሳት ምን ያስደንቃል?

«ኒማን» ግን ፈጽሞ አልጠፋም። የደነዘዘ አካልን «ነም» ይሉታል፤ ይህ ቃል በመሠረቱ «የተያዘ» ማለት ነው፤ እኛ «ወገቤን ያዘኝ» እንደምንለው መሆኑ ነው። ቀልጣፋ ሰውንም «ኒምብል» ይሉታል፤ ይኸውም ፈጥኖ የሚይዝ ከሚለው የወረደ ነው። ቃል ከዙፋኑ ቢወርድም በቤቱ ጓዳ ተሸሽጎ ይኖራል።

ስለ እርባታው አንድ ነገር ልጨምር። «ቴክ» የኃላፊ ጊዜውን የሚያወጣው በመጨረሻው ላይ ጭራ በመቀጠል ሳይሆን ውስጡን በመለወጥ ነው፤ «ቴክ፣ ቱክ፣ ቴክን» ይላል። «ሼክ፣ ሹክ፣ ሼክን» የሚለውም የእርሱ ባልደረባ ነው። ይህ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። «ወሰደ፣ ይወስዳል፣ ውሰድ» ስንል ሦስቱ ፊደላት ሳይነቃነቁ አናባቢው ብቻ ይለዋወጥ የለምን?

ሐ. የትርጉሙ ቅርንጫፎች

ታላቁ የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከ1884 እስከ 1928 በክፍል በክፍል ሲታተም፣ «ቴክ» እጅግ ሰፊ ቦታ ከያዙት ግሦች አንዱ ሆነ። ያን ሁሉ ትርጉም በቃል ማጥናት አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ሥሩን ካወቅን ቅርንጫፉን ራሳችን እንከተላለን።

የዚህ ቃል ዘመድ በጎታውያን ቋንቋ ይገኛል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ጳጳሱ ዉልፊላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደዚያ ቋንቋ ሲተረጉም፣ «ቴካን» የሚለው ግሥ ዳሰሰ፣ ነካ ማለት ነበር። እንግዲህ መነሻው እጅ ነው እንበል። እጅ ይነካል፤ ከነካ በኋላ ይጨብጣል፤ ከጨበጠ በኋላ ይዞ ይሄዳል ወይም ለራሱ ያደርጋል። ከዚያ ወዲያ የእጁ ሥራ ወደ አእምሮና ወደ ልብ ይሸጋገራል። በዚህ መንገድ ሲታይ የሚከተለውን ይመስላል።

1ኛ፤ ጨበጠ፣ ያዘ። «ቴክ ማይ ሃንድ» ማለት እጄን ያዝ ማለት ነው።

2ኛ፤ ይዞ ሄደ፣ አደረሰ። «ቴክ ዚስ ሌተር ቱ ሂም» ማለት ይህን ደብዳቤ አድርስለት ማለት ነው። ወደ ተናጋሪው ሲሆን ግን «ብሪንግ» ይባላል፤ ልዩነቱ «ውሰድ» እና «አምጣ» እንደሚባለው ነው።

3ኛ፤ ተቀበለ። «ሺ ቱክ ዘ ጆብ» ቢባል ሥራውን ተቀበለች ነው እንጂ ሥራውን ሰረቀች ማለት አይደለም።

4ኛ፤ ወደ ሰውነቱ አስገባ። መድኃኒት ሲሆን «ቴክ» ይባላል፤ እኛ ግን እንደ ነገሩ ዓይነት ዋጠ ወይም ጠጣ እንላለን።

5ኛ፤ መረጠ፣ ተጠቀመ። በአውቶቡስ ሲሄዱም፣ የታሪክን ትምህርት መርጠው ሲማሩም «ቴክ» ነው።

6ኛ፤ ቀነሰ። «ቴክ ስሪ ፍሮም ሰቨን» ቢባል ከሰባት ሦስት ቀንስ ነው፤ መልሱም አራት ነው።

7ኛ፤ ፈጀ፣ ጠየቀ። «ኢት ቴክስ ቱ አወርስ» ማለት ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ «ኢት ቴክስ ከሬጅ» ማለት ድፍረት ይጠይቃል ማለት ነው።

8ኛ፤ ቻለ፣ ታገሠ። «አይ ካንት ቴክ ኢት» ያለ ሰው አልቻልሁም፣ በቃኝ ማለቱ ነው።

9ኛ፤ በአእምሮው ተቀበለ፣ ገመተ። «አይ ቴክ ኢት ዩ አር ታየርድ» ማለት ደክሞሃል መሰለኝ ማለት ነው። የእኔም መምህር ቃል ከዚህኛው ቅርንጫፍ ላይ የተቈረጠ ነበር። እኔ 6ኛው ላይ ተሰቅዬ ሳለሁ እርሳቸው 9ኛው ላይ ነበሩ።

መ. ከትንንሾቹ ቃላት ጋር

«ቴክ» ከትንሽ ቃል ጋር ሲጣመር ጠባዩ ፈጽሞ ይለወጣል። በንባባችን አዘውትረው የሚመጡትን እነሆ።

«ቴክ ኦፍ»፤ ልብስ ሲሆን አወለቀ፣ አውሮፕላን ሲሆን ተነሣ፣ ሰው ሲሆን ደግሞ አነጋገሩንና አካሄዱን እያስመሰለ ቀለደበት ማለት ነው። የኢኮኖሚክስ ተማሪዎችም ያውቁታል። ደብልዩ. ደብልዩ. ሮስቶው በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ የአንድ አገር ኢኮኖሚ በራሱ ኃይል ማደግ የሚጀምርበትን ደረጃ በዚሁ በአውሮፕላን አነሣሥ ቃል ጠርቶታል።

«ቴክ ኢን»፤ ይህ ወጥመድ ነው። እንግዳን አሳደረ፣ ልብስን አጠበበ፣ የሰማውን በሚገባ ተረዳ ማለት ይሆናል፤ እንዲሁም አታለለ ማለት ይሆናል! የትኛው እንደ ሆነ የሚነግረን ዐረፍተ ነገሩ ብቻ ነው።

«ቴክ ኦቨር»፤ ከሌላው ተረክቦ ማስተዳደር ጀመረ። «ቴክ ኦን»፤ አዲስ ኃላፊነት ተሸከመ፣ ሠራተኛ ቀጠረ፣ ወይም ተቀናቃኝን ገጠመ። «ቴክ አፕ»፤ አዲስ ሥራ ወይም ልማድ ጀመረ፣ ወይም ቦታና ጊዜ ያዘ። «ቴክ ዳውን»፤ ከተሰቀለበት አወረደ፣ እንዲሁም የሚነገረውን እየሰማ ጻፈ። «ቴክ ባክ»፤ የገዛውን ዕቃ መለሰ፣ ወይም የተናገረውን ቃል ሳበ። «ቴክ ቱ»፤ ወደደው፣ ወይም ለመደው። «ቴክ አፍተር»፤ በመልክ ወይም በጠባይ ከዘመዱ ወጣ፤ እኛ «ቁርጥ አባቱን» እንደምንለው ነው።

በዚህ ላይ አንድ የሰዋስው ሕግ አለ። ልብሱን አውልቀው ለማለት ተውላጠ ስሙ በመካከል ይገባል፤ «ቴክ ኢት ኦፍ» እንጂ «ቴክ ኦፍ ኢት» አይባልም። «ቴክ አፍተር»ና «ቴክ ቱ» ግን አይለያዩም፤ «ቴክስ አፍተር ሂም» ይባላል። ይህችን ነገር በፈተና ላይ ብዙዎቻችን እንስታታለን።

ሠ. ከስሞች ጋር፣ እንዲሁም በምሳሌያዊ አነጋገር

ሁለተኛው የባልንጀራ ዓይነት ስም ነው። «ቴክ ፓርት» ተካፈለ፣ «ቴክ ፕሌስ» ተደረገ ወይም ተፈጸመ፣ «ቴክ ኬር» ተጠነቀቀ፣ «ቴክ ሊቭ» ተሰናበተ፣ «ቴክ ፔይንስ» ደከመበት ወይም ተጋበት፣ «ቴክ ኦፌንስ» ተቀየመ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ እንግሊዝኛው ሁለት ቃል የሚፈልግበትን አማርኛው በአንድ ግሥ ይጨርሰዋል። «ስብሰባው ቦታ ወሰደ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ስብሰባው ወንበሮቹን ጠቅልሎ የሄደ ያስመስለዋል።

ሁለቱን ልቦች ደግሞ አታምታቱ። «ቴክ ሃርት» ማለት አይዞህ፣ በርታ ማለት ነው። «ቴክ ኢት ቱ ሃርት» ግን ነገሩ ልቡ ድረስ ተሰማው ማለት ነው። በመካከላቸው ያለችው አንዲት ፊደል የማታህል ቃል ናት፤ ግን አንዱ ማጽናኛ ሲሆን ሌላው ኀዘን ሊሆን ይችላል። «ቴክ ፎር ግራንትድ» የሚለውም አለ፤ አንድን ነገር እንደ ተራ ነገር ቈጥሮ ዋጋውን አለማሰብ ነው። እናቱን ሳያመሰግን የሚበላ ልጅ እንዲህ ይባላል።

ከምሳሌያዊ አነጋገሮቹ ጥቂቱን ልጥቀስ። ችግርን ፊት ለፊት የሚጋፈጥ ሰው «በሬውን በቀንዶቹ ያዘው» ይባላል፤ ግሡ «ቴክ» ነው። ወሬን ሳይጠራጠሩ አለመቀበል «ከጨው ቅንጣት ጋር መውሰድ» ነው፤ ይህም ከላቲን የወረደ አነጋገር ነው። ልትናገር ያሰብኸውን ሌላው ቀድሞ ቢናገረው «ቃሉን ከአፌ ወሰድኸው» ትላለህ። እዚህ ላይ እኛም «ከአፌ ነጠቅኸኝ» ስለምንል፣ ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይተዋወቁ በመንገድ ተገናኝተዋል። ድፍረቱ ወይም ሞኝነቱ ከሁሉ የበለጠ ነገር ሲገጥም አሜሪካኖች «ኬኩን ወሰደው» ሲሉ እንግሊዞች «ብስኩቱን ወሰደው» ይላሉ።

«ቴክ» የራሱ ልጆችም አሉት። «ኦቨርቴክ» ቀድሞ አለፈ ነው። «አንደርቴክ» ሥራን ሊፈጽም ገባበት ነው፤ ጥንት ይህ «አንደርኒማን» ይባል ነበርና በዚህም ላይ አዲሱ ግሥ አሮጌውን ተክቶታል። «ሚስቴክ» ደግሞ ከዚያው ከሰሜን ሰዎች ቋንቋ የመጣ ሆኖ መነሻው በስሕተት መውሰድ ነው። አንዱን ቃል በሌላው ፋንታ መውሰድ ማለት እኮ ነው። ከዚህ የተሻለ ለእኔ የአንደኛ ዓመት ታሪክ የሚሆን ርእስ አላገኘሁም።

ረ. ወደ ገዛ ቋንቋችን ሲመለስ

እስካሁን የተናገርሁት አማርኛችንን ይዘን ወደ እንግሊዝኛ ስንሄድ ስለሚደርስብን ነው። አሁን ደግሞ የመልሱን መንገድ እንመልከት። በግቢያችን ጆሮ ለሚሰጥ ሰው «ቴክ» የአማርኛ ልብስ ለብሶ ሲዘዋወር ይታያል። «ፈተና ወሰድሁ» እንላለን፤ «ተፈተንሁ» የሚለው የት ሄደ? «ሻወር ወሰድሁ» እንላለን፤ «ገላዬን ታጠብሁ» ምን አጠፋ? «ብዙ ጊዜ ይወስዳል» እንላለን፤ «ብዙ ጊዜ ይፈጃል» አንሶ ነውን?

ይህን ስል ቋንቋ አይዋስ ማለቴ አይደለም። እንግሊዝኛ ራሱ «ቴክ»ን ከወራሪዎቹ ተውሶ ከበረበት እንጂ አልሞተበትም። እኛም ብንዋስ ነውር የለውም። ዳሩ ግን መዋስ የሚያምረው የሌለንን ስንዋስ ነው። የ«ኒማን»ን ዕድል አስቡ። ያን ቃል ጠላት በሰይፍ አልገደለውም፤ ባለቤቶቹ መጥራት ስለ ተዉ በዝግታ ጠፋ። «ተፈተንሁ»ና «ታጠብሁ» የሚጠበቁትም በእኛው አፍ ነው።

ሰ. እንዴት እናጥና?

ከዚህ በኋላ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ፤ የሚጠቅማችሁ ቢሆን ተከተሉት። አንደኛ፤ «ቴክ፣ ወሰደ» ብሎ በደብተር መጻፍን ትቻለሁ። በዚህ ፋንታ ግሡን ከነባልንጀራው፣ ከተቻለም ከነዐረፍተ ነገሩ እጽፋለሁ። ሁለተኛ፤ በአጠገቡ የአማርኛውን ቃል ስጽፍ «በዚህ ቦታ እናቴ ብትሆን ምን ትል ነበር?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከ«ወሰደ» ሌላ ነው። ሦስተኛ፤ ያልገባኝ ሲገጥመኝ እጠይቃለሁ። በኪሳችን ያለው ስልክ ብዙ ቢረዳንም፣ የተናጋሪውን ፊትና ድምፅ አያይልንም። የእኔ መምህር ያን ቀን ፊታቸው ፈገግ ብሎ እንደ ነበረ አሁን ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ ግን የማየው ቃሉን ብቻ ነበር።

እስቲ የሚከተሉትን አምስት ዐረፍተ ነገሮች መልሱን ሳታዩ ተርጉሙ።

1. ሺ ቱክ ኢን ኤቭሪ ወርድ።
2. ሂ ዋዝ ቴክን ኢን ባይ ኤ ትሬደር።
3. ዘ ሚቲንግ ቱክ ፕሌስ የስተርዴይ።
4. ዘ ቦይ ቴክስ አፍተር ሂዝ ማዘር።
5. አይ ቴክ ባክ ዋት አይ ሴድ።

መልስ፤ 1. የተነገረውን ቃል ሁሉ ልብ ብላ ተረዳችው። 2. አንድ ነጋዴ አታለለው። 3. ስብሰባው ትናንት ተደረገ። 4. ልጁ ቁርጥ እናቱን ነው። 5. የተናገርሁትን ስቤአለሁ። አምስቱንም ያለ «ወሰደ» መተርጐማችንን ልብ በሉ።

ውድ ጓደኞቼ፤ ትምህርታችን በሰው ቋንቋ ስለ ሆነ መሳሳታችን አይቀርም። የሚያስፈራው ዝምታው ነው። አንዱ ጓደኛችን በክፍል ተነሥቶ ሲናገር ቃል ቢሰናከልበት አንሳቅበት፤ ነገ ደግሞ የእኛ ተራ ነው። እኔም አሁን አንዳንድ ጊዜ ከፊተኛው ወንበር ተቀምጬ እጄን አነሣለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ሌላ መምህር «አይ ቴክ ዩር ፖይንት» አሉኝ። በዚህ ጊዜ አልተቀመጥሁም፤ «ይሁን እንጂ» ብለው የሚቀጥሉትን ቆሜ አዳመጥሁና መልስ ሰጠሁ።